የጉበት ሕመሜና በወንድሜ ላይ የፈረድኩት ፍርድ

ባልቻ እባላለሁ። ሸማኔ ነኝ። ጂንካ ውስጥ ጋቢ ወይም ቡልኮ የገዛ ሰው የእኔን ሥራ ለብሶ ይሆናል። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ጥቂት ወር እንደተማርን አስተማሪያችን ወደ ጦር ሜዳ ሄደ፣ ትምህርቱም በዚያው ቀረ። ስለዚህ የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። ስህተት ካያችሁ እለፉት፤ የጻፍኩት እንድትማሩበት እንጂ እንድታርሙት አይደለም።

ያከመችኝ የጂንካ ሆስፒታል ሐኪም "አባባ፣ የደረሰብዎትን ለሰው ይንገሩ" አለችኝ። ተናገርኩ። ግን ወሬ መንገድ ላይ ይለወጣል። የእኔ ወሬ ካኮ ገበያ ደርሶ ሲመለስ "የባልቻን ጉበት አውጥተው የበግ ጉበት ተከሉለት" ሆኖ ነው የሰማሁት። እንግዲያው ልጻፈው አልኩ።

ከጋሞ ደጋ ወደ ጂንካ የመጣሁት ደርግ በወደቀ ሰሞን ነው። ታናሽ ወንድሜ ዘውዴ አብሮኝ ነበር። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ጉድጓድ ቆፈርን፤ የእኛ ሽመና እግርን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ፣ ተቀምጦ ነው የሚሠራው። ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንት ዓመት ሠራን። እሱ ያንጎራጉራል፣ እኔ ዝም በል እለዋለሁ። ጌታን ካመንን በኋላ ሁለታችንም መጠጥ ተውን። ቦርዴን እንኳ፣ "ይሄማ እህል ነው" የሚሉትን ወፍራም የእህል መጠጥ፣ ከቀመስኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። በኋላ በጸሎት ቤታችን ሽማግሌ አደረጉኝ። ጠባዬን ልንገራችሁ፤ አንዴ አይሆንም ካልኩ አይሆንም ነው። ሰው ይህን ጽናት ይለው ነበር። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ዘውዴ የሞተው እኔ ከመታመሜ ከስድስት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ ከሳ። ቀጥሎ ሆዱ ተነፋ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። የሕክምና ወረቀቱ ላይ "ጉበት" የሚል ነገር ተጻፈ። በእኛ ምእመናን ዘንድ ጉበት ሲባል የሚታሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አረቄ። "ተደብቆ ይጠጣል" የሚል ሹክሹክታ ዞረ። ጠርቼ ጠየቅሁት።

"ወንድሜ፣ አልጠጣሁም" አለኝ።

"ታዲያ ጉበትህን ምን በላው?"

መልስ ከየት ያመጣል? ሽማግሌዎች ተሰበሰብንና ንስሐ እስኪገባ ከጌታ እራት ይታገድ ብለን ወሰንን። እሁድ ዕለት በጉባኤ ፊት ቆሜ ውሳኔውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ለወንድሙ አዳላ እንዳይሉኝ ብዬ እኔው ላንብበው አልኩ። በአራተኛው ወር ሞተ። እንደታገደ ቀበርነው።

ይህን ያስቀደምኩት የቀረው እንዲገባችሁ ነው።

የእኔ ሕመም በድካም ጀመረ። ጠዋት ጉድጓዴ ውስጥ ገብቼ ሁለት ክንድ ሳልሠራ ጉልበቴ ይከዳኛል። መወርወሪያውን ስወረውር ከቀኝ ጎድኔ ሥር የሆነ ነገር ይጫነኛል። ሕመም አይባልም፤ ሰው ክርኑን ያሳረፈብህ ዓይነት ነው። ምግብ አስጠላኝ። ቀበቶዬ ላይ በወስፌ አዲስ ቀዳዳ በሳሁ፤ ወር ሳይሞላ ሌላ በሳሁ።

"የጉድጓዱ ብርድ ነው" አልኩ።

"ጉድጓዱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የት ነበር?" አለች ባለቤቴ አስቴር።

አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ስሙን አልጠራም። ደም ወሰዱና ታይፎይድ ነው አሉኝ። በእኛ ሰፈር ደም ሰጥቶ ታይፎይድ ሳይዝ የወጣ ሰው አላውቅም። ሰባት ቀን መርፌ ተወጋሁ። ድካሙ ከመርፌው ጋር ጨመረ። ሌላ ክሊኒክ ደግሞ ጨጓራ ነው ብለው ነጭ ሽሮፕ ሰጡኝ። አስቴር በርበሬ ከለከለችኝ። እንዲያውም ሕመሙን ተውትና፣ ያለ በርበሬ ሁለት ወር የበላሁት ነው የገደለኝ።

ከዚያ ዓይኔ ትንሽ ቢጫ ሲል ጎረቤቶች "የወፍ በሽታ ነው" አሉ። ይህ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ሕመም ነው፤ ወፍ በሰው ላይ ስታልፍ የሚይዝ የሚመስለው ብዙ ነው። መድኃኒቱ ሥር ነው፣ ሐኪም ቤት ከሄድክ ይገድልሃል ይላሉ። ሰኞ ጋቢ ይዤ ካኮ ገበያ ሄድኩ፤ በዚያው አንድ ሥር የሚሰጥ የአሪ ብሔረሰብ ሽማግሌ ዘንድ ገባሁ። አማርኛው አጭር ነው፤ ዓይኑ ግን አያጥርም።

"ዓይንህን ክፈት" አለኝ። አየ። "ልብስ አንሣ።" በአውራ ጣቱ ከጎድኔ ሥር ተጫነኝ። ብዙ ቆየ።

"የወፍ መድኃኒት አለኝ። ያንተ ወፍ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድነው?"

"እንጃ። ውስጥ ድንጋይ አለ። እኔ ለድንጋይ ሥር አልሰጥም።"

"ገንዘቤን ተቀበልና ስጠኝ እንጂ!"

"ገንዘብህን ለመኪና። ሆስፒታል ሂድ።"

ተናድጄ ወጣሁ። ዛሬ ሳስበው፣ ከክሊኒኮቹ ሁሉ ይልቅ እውነቱን የነገረኝ እሱ ነው። የማያውቀውን አላውቅም ያለ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

ጂንካ ሆስፒታል ሦስት ቀን ተመላለስኩ። የመጀመሪያው ቀን ወረፋው ከበር ውጭ ነበር። አግዳሚው ሞልቶ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። አንድ የሐመር ሰው ሚስቱን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ቆሟል። አየኝና በእጁ የያዛትን፣ እነሱ ለመቀመጫም ለትራስም የሚይዟትን ትንሽ የእንጨት በርጩማ መሬት ላይ አኖረልኝ። "ተቀመጥ" አለኝ። ከዚያ ሌላ የሚያውቀው አማርኛ የለም፤ እኔም የእሱን አላውቅም። እስከ ቀትር እሱ ቆሞ እኔ ተቀምጬ ዋልን። ሚስቱን ሲጠሩለት በርጩማውን ላነሣለት ብል በእጁ ከለከለኝና ገባ፤ ሲወጣ ነው የወሰደው። ስሙን ሳልጠይቀው ቀረሁ።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሟ ዘንድ ገባሁ። ወጣት ናት፤ ልጄን ትሆናለች። ሆዴን በአልትራሳውንድ አይታለች፤ ያ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብተው በመሣሪያ ውስጥን የሚያዩበት ነው። የደም ውጤቴንም ይዛለች።

"አባባ፣ ጉበትዎ ላይ እብጠት አለ" አለችኝ።

"አልጠጣም!" ብዬ ጮህኩ። ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። "ቦርዴ እንኳ አልጠጣም! ጸሎት ቤት ሄደሽ ጠይቂ!"

"ጠጡ ያለዎት ማነው? ይቀመጡ እንጂ።"

ተቀመጥኩ።

"ደምዎ ውስጥ የጉበት ቫይረስ አለ" አለችኝ። "ቫይረስ በዓይን የማይታይ ተዋሲ ነው። የጉበት ቫይረስ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ኤ እና ኢ የሚባሉት በቆሸሸ ውሃና ምግብ ይገባሉ፤ ያሳምማሉ፣ ዓይን ቢጫ ያደርጋሉ፣ አብዛኛውን ሰው ለቀው ይሄዳሉ። ቢ እና ሲ ግን በደም ነው የሚገቡት፤ ሰውነት ውስጥ ተቀምጠው ሊቀሩ ይችላሉ። የእርስዎ ቢ ነው። ምናልባት ከሕፃንነትዎ ጀምሮ አብሮዎት ኖሯል።"

"ስድሳ ዓመት? ምን እየሠራ?"

"ሥራዎ ምንድነው አባባ?"

"ሸማኔ ነኝ።"

ወንበሯ ላይ የሰቀለችውን ነጠላ አነሣች። ሥራው የእኔ አይደለም፤ ክፉ ግን አይደለም። ጥለቱን በጣቷ እያሳየች "ይህን ሲሠሩ የት ጋ እንደሚያቆሙ እንዴት ያውቃሉ?" አለችኝ።

"በቁጥር ነዋ። ይህን ያህል ክር ታነሣለህ፣ ይህን ያህል ትተዋለህ፣ ከዚያ ታቆማለህ።"

"በሰውነታችን ውስጥ ያለች እያንዳንዷ ቅንጣት፣ ህዋስ እንላታለን፣ እሷም እንዲህ ያለ ቁጥር በውስጧ አላት። ዘረመል ይባላል። መቼ እንደምትባዛ፣ መቼ እንደምታቆም የሚነግራት እሱ ነው። ቢ የሚባለው ቫይረስ ጉበት ውስጥ ሲኖር አንዳንዴ የራሱን ክር በእርስዎ ድር መካከል ያስገባል። የራሱን ቁጥር ከእርስዎ ቁጥር ጋር ይቀላቅላል። ዕድል ጥሎ 'አቁሚ' በሚለው ቦታ ላይ ከገባ..."

"ጥለቱ አይቆምም" አልኩ።

"አይቆምም። ካንሰር ማለት ይኸው ነው።"

እኔ ሐኪም ሲያወራ ብዙም አይገባኝም፤ ይህ ግን ገባኝ። መጀመሪያ ላይ አንድ ክር ከሳትክ፣ ከዚያ በኋላ የምትሠራው ሁሉ ስህተቱን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ሸማው አምሮ ሊታይህ ይችላል፤ ክንድ ሙሉ ሠርተህ ስትዘረጋው ነው የምታየው።

"ያኛውስ፣ ሲ ያልሽው?"

"እሱ ክሩን አያስገባም። ጉበቱን ያቆስላል፣ ጉበት ይጠገናል፤ እንደገና ያቆስላል፣ እንደገና ይጠገናል። አንድን ሸማ ሃምሳ ጊዜ ቢጠግኑት ቁጥሩ ይጠበቃል?"

"የት ተጠብቆ!"

"እንደዚያ ነው። መንገዳቸው ለየቅል ነው፤ መድረሻቸው ግን አንድ ሊሆን ይችላል።" የሴቶች የማኅፀን በር ካንሰርም ከቫይረስ እንደሚመጣ፣ የዚያም ቫይረስ ዓይነቱ ብዙ ሆኖ ክፉዎቹ ጥቂቶቹ እንደሆኑ ነገረችኝ። የሻገተ በቆሎና ለውዝም ይህንኑ ቁጥር የሚያበላሽ መርዝ አለው፤ ከቢ ጋር ሲገናኝ ጉዳቱ ይብሳል አለች። በእኛ ቤት የሻገተ በቆሎ አይጣልም ነበር፤ ፀሐይ ይመታና ይፈጫል። እናንተም እንደዚያው እንደምታደርጉ አውቃለሁ። መጠጥም ቢሆን ጉበት ይጎዳል፤ ይህን ያነበበ ጠጪ ነጻ ወጣሁ እንዳይል። ነገር ግን ጉበቱ የታመመ ሁሉ ጠጪ አይደለም አለችኝ።

እዚህ ላይ አቋረጥኳት።

"ልጄ" አልኳት፣ "ሰው ሳይጠጣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሊሞት ይችላል?"

"ብዙዎች እንደዚያ ነው የሚሞቱት። ማን ነበር?"

"አንድ የማውቀው ሰው" አልኩ።

ወንድሜን አንድ የማውቀው ሰው አልኩት።

እብጠቱ አንድ ብቻ እንደሆነ፣ የሎሚ ያህል እንደሆነ፣ አዲስ አበባ ቶሎ ከሄድኩ ሊቆረጥ እንደሚችል ነገረችኝ። ቀጥላም "ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ወንድም እህት ካለዎት እነሱም በሙሉ መመርመር አለባቸው" አለችኝ። በሰላምታ፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም። በደም ነው፣ በአልጋ ነው፣ በጋራ ምላጭ ነው፣ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ነው። ክትባት አለው። አሥር ጊዜ ደጋገመችልኝ። እሺ እሺ ብዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ "የሐሞት ጠጠር ነው" አልኩ።

ማርቆስ የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ ሸማኔ ነው፣ የጸሎት ቤቱም ሽማግሌ ነው፤ ዘውዴ ከሞተ በኋላ በእሱ ጉድጓድ የሚሠራው እሱ ነው። "ሐሞትህማ ጠጠር መሆኑን ስንት ዓመት አውቀዋለሁ፣ ለዚህ ሐኪም ምን አስኬደህ?" ብሎ ቤቱን አሳቀው። እኔም ሳቅሁ።

ለምን ዋሸህ ትሉኝ ይሆናል። ቫይረስ ነው ብል ማን ያምነኛል? እኔ ዘውዴን አመንኩት? ሰው ካመነኝ ደግሞ ባሰ፤ ዘውዴ ንጹሕ ነበር ማለት ነው። ያን የእግድ ወረቀት ያነበብኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ታናሿ ልጄ ትዕግስት ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ አራተኛ ወሯ ነበር። ቤቷ ቅርብ ነው፤ በየቀኑ እየመጣች እግሬን ታጥበኛለች። ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ የሚለውን ቃል ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ ተቀመጥኩ።

የነበሩንን ሁለት በሬዎች ሸጠን፣ የጸሎት ቤቱ ሰዎችም አዋጥተው፣ ከአስቴር ጋር አዲስ አበባ ሄድን። እዚያ መተኛ እስኪገኝ አምስት ሳምንት በዘመድ ቤት ጠበቅሁ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለኝና እጄን ጎድኔ ላይ አድርጌ፣ ያ ሎሚ አድጎ እንደሆነ እዳብሳለሁ። ቀን ትዕግስት ትደውላለች።

"አባዬ፣ ዛሬ ተራገጠ!"

"ይራገጥ፣ ጥሩ ነው።"

"በርታ እሺ? እኔን እንዳታስብ።"

ስልኩን ለእናቷ እሰጥና ወደ ግድግዳ እዞራለሁ።

የተኛሁ ዕለት አንዲት ነርስ አስቴር ባለችበት "የጉበቱ ታማሚ እርስዎ ነዎት?" አለች። አስቴር ነርሷ እስክትወጣ ጠበቀች።

"ጉበት ነው እንዴ?"

ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብኩ።

"ባልቻ፣ እየተደበቅህ ትጠጣ ነበር?"

ሠላሳ አምስት ዓመት አብራኝ የኖረች፣ ሸሚዜን የምታጥብ፣ ትንፋሼን የምታውቅ ሴት ናት ይህን የጠየቀችኝ። "አልጠጣሁም" አልኳት። "ታዲያ ከምን መጣ?" አለች። ያን ቀን ዘውዴ እፊቴ ቆሞ ምን እንደተሰማው አወቅሁ። መልሱ ደግሞ እኔ ዘንድ ነበር፤ እሱ ያልነበረውን እኔ ይዤ ነው ዝም ያልኩት።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ከጉበቴ አንዱን ክፍል ቆርጠው አወጡት። ጉበት ከተቆረጠ በኋላ ተመልሶ ያድጋል አሉኝ፤ ሌላ ሥጋ እንደዚያ አያደርግም። ሐኪሙ መጥቶ "ጠንካራ ነዎት" ሲለኝ አፈርኩ። ቫይረሱን የሚያስተኛ ኪኒን በየቀኑ፣ እስከ ዕድሜ ልክ እንድውጥ ታዘዘልኝ። አያጠፋውም፤ ያስተኛዋል።

ጂንካ ተመልሼ ለክትትል ሐኪሟ ዘንድ ገባሁ። ቁስሌን አየች፣ ደስ አላት። ከዚያ "ቤተሰብ ተመረመረ?" አለችኝ።

"ተመርምሯል።"

"ጎበዝ! ወረቀታቸውን አምጥተዋል?"

መሬት መሬት አየሁ።

"አባባ፣ ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር አለች?"

"ልጄ።"

"ስንት ወሯ ነው?"

"ስምንተኛው ገብቷል።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ይስሙኝ" አለች። "እናቲቱ ቫይረሱ ካለባት ልጁን የሚይዘው በአብዛኛው በምጥ ሰዓት ነው። ትልቅ ሰው ሲይዘው ብዙ ጊዜ ሰውነቱ ያባርረዋል። የዕለት ሕፃን ግን ማባረር አያውቅም፤ ይዞት ያድጋል። ከዚያ አርባ ሃምሳ ዓመት ክር ሲያስገባ ይኖራል፣ በእርስዎ እንዳደረገው። አሁን ብትመጣ እሷ ኪኒን ትጀምራለች፣ ልጁም በተወለደ በአንድ ቀን ውስጥ ክትባት ያገኛል፤ ብዙ ጊዜ ይድናል። እኔ የእርስዎን ምስጢር ለማንም አልናገርም፣ ሙያዬ አይፈቅድልኝም። ልጁ ግን እርስዎ ቆርጠው እስኪነሡ አይጠብቅም።"

በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ አቋርጬ ወደ ቤት ሄድኩ። ከብቶች ይግጣሉ፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ቁስሉ ነው ብዬ ነበር፤ ቁስሉ አልነበረም።

ትዕግስት ከእናቷ ጋር ምስር እየለቀመች አገኘኋት። ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። ጠጠር እንዳልነበረ፣ ጉበት እንደሆነ፣ ቫይረስ እንደሆነ፣ እሷም ሊኖርባት እንደሚችል፣ ልጁ በምጥ ሰዓት ሊይዘው እንደሚችል።

አስቴር እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ዘውዴ!" አለች። መጀመሪያ የመጣላት እሱ ነው።

ትዕግስት "ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?" አለችኝ።

"አራት ወር ሆነኝ።"

"አራት ወር ሙሉ እግርህን እያጠብኩህ?"

ሰፌዱን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ለበሰች፣ "እማ፣ ነይ እንሂድ" ብላ ወጣች። እኔን ተከተለኝ አላለችኝም። ተከተልኳቸው።

አስቴር ነጻ ሆነች፤ ክትባት ጀመረች። ትዕግስት ላይ ተገኘ። ከእኔ ይሁን ከሌላ ማንም ማወቅ አይችልም አለች ሐኪሟ። እዚያው ዕለት ኪኒን አስጀመረቻት።

የዘውዴ ሚስት አበበች ከእኛ አጥር ቀጥሎ ነው የምትኖረው። ልጆቿ መመርመር አለባቸው። በማግሥቱ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ይግቡ፤ ከሕመምዎ ተነሡ?" ብላ ወንበር አቀረበችልኝ። ነገርኳት። ስጨርስ ቆማ ነበር።

"ይህን ቤቴ መጥተህ በጆሮዬ የምትነግረኝ ለምንድነው?" አለችኝ። አንተ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። "ያኔ በጆሮዬ ነበር የነገርከኝ? ሰው ሁሉ ፊት አውርደኸዋል፣ ሰው ሁሉ ፊት መልሰው!"

ልክ ናት። ለሽማግሌዎች ጉባኤ አቀረብኩ። ማርቆስ ተቃወመ።

"ሙት ሰው በምን ሥርዓት ይመለሳል? ሙት ንስሐ አይገባ!"

"ንስሐ የምገባው እኔ ነኝ" አልኩት። "አንተም ያን ቀን እጅህን አውጥተሃል። ከፈለግህ አጠገቤ ቁም፣ ካልፈለግህ ተቀመጥ።"

እሁድ ቆምኩ። ሰው የፈውስ ምስክርነት ጠብቋል። "ከመመስከሬ በፊት ልናዘዝ" አልኩ። "ወንድሜ ዘውዴ አልጠጣም ነበር። ጠጣ ብዬ ያገድኩት እኔ ነኝ። የእሱ ምልክት ሁሉ በእኔ ላይ ወጣ። ሐሜት ነበር ያገድንበት፣ ማስረጃ አልነበረንም። እግዱ ተሽሯል። ይቅርታ የምጠይቀው እሱን ነበር፣ አላገኘሁትም፤ ሚስቱንና ልጆቹን እጠይቃለሁ።" ከዚያ ስለ ቫይረሱ የማውቀውን ነገርኳቸው። "ጉበት ሲባል አረቄ የምትሉ፣ ነገ ሆስፒታል ሂዱና ደማችሁን ስጡ" ብዬ ጨረስኩ። እልልታ አልነበረም። ማርቆስ ዘግይቶ ከመቀመጫው ተነሣና አጠገቤ ቆመ።

አበበች ይቅር አለችኝ ወይ? ጠይቄ አላውቅም። ትልቁ ልጇ ላይ ቫይረሱ ተገኝቷል፤ ገና እብጠት የለም፤ በጊዜው ስለታወቀ ይከታተላል። አባቱ ያላገኘውን አግኝቷል። ማርቆስ ግን እስከ ዛሬ አልተመረመረም፤ መርፌ ይፈራል። ይህን ሲያነብ ይናደድ።

እኔ በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድ እታያለሁ። ሊመለስ ይችላል፤ ተመልሶ ከሆነ ትንሽ ሳለ እንዲያዩት ነው። በቀን ጥቂት ክንድ እሠራለሁ። ይህን የምታነብ ሰው፣ ድካም ከጎድን ሥር መጫን ጋር ከመጣብህ፣ ከቤታችሁም ሆዱ ተነፍቶ የሞተ ካለ፣ ታይፎይድ ነው ሲሉህ እሺ ብለህ አትመለስ፤ ጉበቴን እዩልኝ በል። ካገኙብህም ቀድመህ ለቤተሰብህ ተናገር።

ትዕግስት ሐሙስ ጠዋት ወለደች። ሴት ናት። ቀትር ሳይሆን ጭኗ ላይ ተከተበች፤ አለቀሰች፣ እኔም ውጭ ሆኜ ሰማኋት። ከዚያ ሌሎቹን ክትባቶች በየጊዜያቸው ወሰደች። መያዝ አለመያዟ የሚታወቀው ግን ዓመት ሊሞላት ሲል ነው ተባለ። ያን ሁሉ ወር ትዕግስት ቤታችን ትመጣለች፣ ሰላም ትለኛለች፣ ምግቤን ታቀርባለች። ልጅቷን ግን ለእናቷ ለአስቴር ነው የምትሰጠው። እኔ ስጪኝ አላልኩም።

የውጤቱ ቀን ሦስታችን ሄድን፤ ትዕግስት፣ ሕፃኗና እኔ። ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሐኪሟ ራሷ ወረቀቱን ይዛ ወጣች።

"የለባትም" አለች።

ትዕግስት "ደግመሽ በይልኝ" አለቻት።

"የለባትም። ንጹሕ ናት።"

ትዕግስት ተነሣች። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ልጅቷን ከጀርባዋ ፈታ ጭኔ ላይ አስቀመጠቻት።

"አባዬ፣ ያዛት፤ ካርዱን ላስመልስ" አለችኝ።

ከባድ ናት። ያዝኳት።